ከሥሯ ያልታየችው የስፌት መኪና

«እትዬ፣ ትንሽ ወደ ስልኩ ጠጋ ይበሉ፤ ሦስት መቶ ሰው እያየዎት ነው» አለች ላይቭ።

ላይቭ የሙዚየሙ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ናት። ነጋ ጠባ «ላይቭ እንግባ» ስለምትል በእውነተኛ ስሟ የሚጠራት ሰው የለም። ቅርስ መዝጋቢዋ ነጭ ጓንት አጥልቃ ከአንዲት አሮጌ የእጅ ስፌት መኪና አጠገብ ቆማለች። እዚህ ቤት በሠራችባቸው ሃያ ስድስት ዓመታት ውሎዋ ከዕቃ ጋር ነበር፤ ዕቃ ደግሞ አይጠይቅም፣ አይመልስም። አሁን ግን መዳፍ በምታክል ስልክ ላይ ሰው ሁሉ ይጽፋል። ልብ የሚልክ አለ፣ «አያቴም ነበራት» የሚል አለ፣ የመዝጋቢዋን ዕድሜ የሚጠይቅም አልጠፋም።

«ይህች መኪና» አለች መዝጋቢዋ «የከተማችንን የመጀመሪያ ትምህርት ቤት የደንብ ልብስ የሰፉት ሰው መኪና ናት። ቤተሰባቸው ነው በስጦታ የሰጠን።»

«አንድ ኮሜንት ላንብብልዎት። ‹ዝምተኛዋ› የምትባል ተከታታያችን ‹እባካችሁ፣ አንሥታችሁ ከሥሯ አሳዩን› ትላለች።»

ሴትየዋ ይህንኑ ስትጠይቅ ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። መዝጋቢዋ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደረቀ።

«ቅርስ እንደ ድስት አይገለበጥም» አለች። ተመልካቹ ሳቀ፣ ልቡን አዥጎደጎደው። እሷ ግን ጓንቷ ውስጥ እጇ በላብ ርሶ ነበር።

ስርጭቱ እንዳለቀ መዝጋቢዋ ላይቭ ላይ አፈጠጠች። «ማናት ይቺ ሴት?»

«እኔ በምን አውቃለሁ? ፎቶዋ ጽጌረዳ ነው።»

«ጽጌረዳ አይጽፍም፤ ሰው ነው የሚጽፈው። አንቺው ነሽ አይደል?»

ላይቭ ክው አለች። «እኔ ለምን ብዬ?»

«ተመልካች እንዲበዛልሽ። ሰሞኑን የድሮ ፋይል ያምጡ እያልሽ ስትነዘንዢኝ የከረምሽውስ ለምንድን ነው?»

ነገር የሸተታት ያለ ምክንያት አይደለም። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የመጋዘኑ ጣሪያ አፍስሶ፣ ጠዋት ስትገባ ሁለት መለያ ካርዶች ርሰው ወለሉ ላይ ወድቀው አገኘች። ከበላያቸው መደርደሪያው ላይ ሁለት የስፌት መኪናዎች ቆመዋል። አንደኛዋ የልብስ ሰፊው ናት፣ ሌላኛዋ ከተዘጋ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል የመጣች። ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም እንደ መንትያ አንድ ዓይነት። መዝጋቢዋ ብታይ ብታይ መለየት አቃታት። በመጨረሻ ካርዶቹን በግምት አሰረችና ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች። ከዚያ በኋላ «መዝገቤ አይሳሳትም» ስትል ኖረች፤ አለቃውም ሠራተኛውም አመናት። ጡረታዋ ሊደርስ አራት ወር ቀርቶታል፤ ያላት ሀብትም ይኸው ስሟ ብቻ ነው።

«እርስዎ እኔን ይጠረጥራሉ» አለች ላይቭ፤ ደሟ ፈልቷል። «ሰዉ ደግሞ እርስዎን ነው የሚጠረጥረው። ይኸው ይዩት።»

መዝጋቢዋ መነጽሯን አስተካክላ አነበበች። ‹የማያሳዩን ዋናዋን ሸጠዋት ነው› ይላል። ዘጠና አራት ሰው ወዶታል።

«ዳይሬክተሩም አይተውታል» ቀጠለች ላይቭ። «ዛሬውኑ ኮሜንቱን አጥፊ፣ ሴትየዋንም ብሎክ አድርጊያት ብለውኛል። ከማጥፋቴ በፊት ግን በውስጥ መስመር የላከችውን ይስሙ።» አነበበችላት።

‹ላስቸግራችሁ ፈልጌ አይደለም፤ ልሳሳትም እችላለሁ። ልብስ ሰፊው አባቴ ናቸው። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ የጋለ ካውያ መኪናዋ የምትቆምበት እንጨት ላይ አስቀምጬ አቃጠልኩት። እናቴ እንዳትቀጣኝ አባቴ ብሎኑን ፈትተው እንጨቱን ገለበጡትና የተቃጠለው ከሥር ዋለ። እስኪሞቱ ድረስ ለማንም አልተናገሩብኝም። እኔ አሁን ከአልጋ አልነሣም፣ መምጣት አልችልም። ምልክቷን አንድ ጊዜ ባያት ብዬ ነው።›

«ይህን ማንም ሊጽፈው ይችላል» አለች መዝጋቢዋ። ነገር ግን አንጀቷን በልቶታል።

ላይቭ ምሳ ስትወጣ ጠብቃ ለእይታ የቀረበችውን መኪና ዘንበል አደረገቻት። እንጨቱ ከሥር ንጹሕ ነው፣ ጭረት እንኳ የለበትም። ቁልፏን ይዛ ወደ መጋዘን ወረደች። እዚያ፣ ‹ሆቴል፣ ልብስ ማጠቢያ› የሚል ካርድ ያንጠለጠለችውን መኪና ወደ ጎኗ አስተኛቻት። የካውያው ቅርጽ ከነሹል ጫፉ እንጨቱ ላይ ጠቁሮ ተቀምጧል።

መዝጋቢዋ ሣጥን ላይ ዘፍ አለች። አፈረች። ሴትየዋ ሦስት ሳምንት ሙሉ በትሕትና ስትለምን እሷ በድስት ቀልዳባታለች፤ አባትየው ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በሰው መኪና ሲመሰገኑ ከርመዋል።

ከኀፍረቷ ትንሽ ስትመለስ ግን አንድ ሐሳብ መጣላት፤ ሐሳቡ ደግሞ አይናቅም። ማንም ሳያይ ሁለቱን መኪናዎች ብትለዋውጣቸውስ? በሚቀጥለው ሳምንት ገልብጣ ታሳያለች፤ ሴትየዋ ምልክቷን ታያለች፣ የሐሜተኛው አፍ ይዘጋል፣ ዳይሬክተሩም ደስ ይለዋል። መዝገቡ እንደ ኖረ ይኖራል። ማን ይጎዳል?

ካርዱን ፈትታ ኪሷ ከተተችው። መኪናዋን አቅፋ እያለከለከች ደረጃውን ወጣች፤ ኮሪደሩ ጫፍ ስትደርስ ላይቭ ፊት ለፊቷ ተገትራለች። ስልኩን ከፍ አድርጋ ይዛለች።

«ወዴት ነው የሚወስዷት፣ እትዬ?» ድምጿ ቀዝቃዛ ነው።

«እየቀረጽሽ ነው?»

«አዎ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ግን አዎ። ሰው ሸጠዋታል ሲል አልሸጧትም ብዬ ስከራከር ነበር።»

መዝጋቢዋ ‹ለጽዳት ነው› ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር፤ ላይቭም ብትጠረጥርም ትቀበላት ነበር፤ ለጽዳት የሚወጣ ዕቃ ሞልቷል። የመኪናዋ ክብደት ክንዷን አዛለው። አጠገቧ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠቻትና ላቧን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ያችን ሴት ብሎክ አድርገሻታል?»

«ገና ነኝ።»

«ተያት። ይልቅ ላይቭ ግቢ።»

«አሁን? ዳይሬክተሩ ሳያውቁ?»

«አሁን። ሐሳቤን ሳልቀይር።»

ላይቭ ግራ ገብቷት ስልኩን ነካካችና «ገብተናል» አለች። ተመልካቹ አንድ ሁለት እያለ መግባት ጀመረ። መዝጋቢዋ ኪሷ ውስጥ ያለውን ካርድ አውጥታ መኪናዋ አጠገብ አኖረችው። ወደ ስልኩ ጠጋ እንድትል ማንም አላስታወሳትም፤ ራሷ ጠጋች።

«እኔ የዚህ ሙዚየም ቅርስ መዝጋቢ ነኝ» አለች። «ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የሁለት መኪናዎች ካርድ ወድቆ አገኘሁ። የቱ የየትኛዋ እንደሆነ አላወቅኩም። በግምት አሰርኩት። ተሳስቼ ነበር፤ የልብስ ሰፊው መኪና ይህች ናት፣ ከሥሯ እዩዋት።»