ያረፈው ፕሮሰሰር

ጠዋት የቲኬት ቢሮው ዋና ኮምፒውተር ቲኬት መቁረጡን ሲያቆም፣ ጣት ሁሉ ወደ አዲሷ ፕሮግራመር ዞረ። ትናንት ፕሮግራም የነካካች እሷ ናት፤ የሙከራ ጊዜዋም ገና አላለቀም። ኃላፊው፣ "ጥፋቱ ያንቺ ከሆነ ዕቃሽን ሰብስቢ" ብለዋታል። "ከሆነ" ያሉት ለጨዋነት ያህል ነው።

ንጽሕናዋ ማሽኑ ውስጥ ነበር። ማሽኑ ሥራውን የሚከፋፈሉ በርካታ ፕሮሰሰሮች ሲኖሩት፣ እያንዳንዱ የሠራውን የሚጽፍበት የየራሱ የዱካ ቋት አለው፤ ቋቱ ሲሞላ ግን ከመነሻው ይጀምርና አሮጌውን በአዲሱ ይደመስሳል። ስለዚህ ዱካው ቶሎ ካልተገለበጠ የለም ማለት ነው።

ኃላፊው ደግሞ ብልሽትን በዓይናቸው ካላዩ አያምኑም።

"እስቲ ድገሙት!"

የጠዋቱ ቲኬት ቆረጣ ተደገመ። ምንም አልተበላሸም። ምክትላቸው አርፍደው ሲመጡ ለክብራቸው ተደገመ። የሒሳብ ክፍሉም "እኛስ?" አለ። ፕሮግራመሯ ሥራ ላይ ያሉትን ቋቶች ለመክፈት ተራ ሲደርሳት የጠዋቱ ዱካ ተደምስሶ፣ ያገኘችው የኃላፊዎቿን "ድገሙት" ብቻ ነበር። ብርጭቆዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ይሄኔ የማሽን ክፍሉ ኦፕሬተር፣ አክስቷ፣ በሹክሹክታ ጠራቻት።

"የኔ ልጅ፣ እንዳትቆጪኝ። ጠዋት ማሽኑ ስህተቱ አራተኛው ፕሮሰሰር ላይ ነው ሲለኝ፣ ያኔውኑ ከሥራ አወጣሁት። ሳላስፈቅድ።"

"እስካሁን አልመለስሽውም?"

"ምን ብዬ? ሰውየው ቢሰሙ ቆዳዬን ነው የሚገፍፉት!"

ፕሮግራመሯ የአክስቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

"ኧረ ልቀቂኝ፣ ልታንቂኝ ነው እንዴ!"

ከሥራ የወጣ ፕሮሰሰር አዲስ ዱካ አይጽፍም። የጠዋቱ ዱካ ሁሉ እንዳለ ተኝቶ ጠበቃት፤ ብልሽቱ ሲደርስ የእሷ ፕሮግራም ገና ሥራ አልጀመረም ነበር። የቲኬቱ ማህደረ ትውስታ ላይ ደርቦ ጽፎ ያበላሸው፣ ኃላፊው በየማለዳው ምክራቸውን በየስክሪኑ ላይ የሚያወጡበት "የዕለቱ መልካም ቃል" ነበር።

ኃላፊው አነበቡ፤ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

"ይሄማ የሲስተም ችግር ነው" አሉ። የሷ ሲመስል የሷ ነበር፤ የሳቸው ሲሆን የሲስተም ሆነ። "ለመሆኑ ይህን ዱካ ያስቀረው ማነው?"

አክስት ወደ በሩ አፈገፈገች። ፕሮግራመሯ ቀደመቻት።

"እርስዎ ነዎት እንጂ። ማሽኑን በጥንቃቄ ያዙት ይሉን የለ?"

ኃላፊው ጥቂት አሰቡና አመኑ።

አክስትና የእህት ልጅ ማሽን ክፍል ገብተው በሩን እስኪዘጉ ሳቃቸውን ያዙ።

"ተነሥ አንተ፣ ዕረፍት በቃ!" አለች አክስት፣ አራተኛውን ፕሮሰሰር ወደ ሥራው እየመለሰች። ፕሮግራመሯም ብርጭቆዋን ከቦርሳዋ አወጣች።