የከል ቁራጭ

ደብረወርቅ የለበሰችውን ጥቁር ቀሚስ ከጉልበቷ በላይ ሰብስባ መቀሱን አስገባችበት። መቀሱ ደንዞ ነበርና እያኘከ ሄደ። ሴቶቹ መርፌያቸውን እንደያዙ ቀሩ።

"ምን ሆነሻል አንቺ?" አለች ትርሲት። "ከልሽን እኮ ነው የምትቆርጪው።"

"አውቄዋለሁ። ሌላ የለኝማ።"

እውነቷን ነው። ወረታ፣ ከጎንደር መንገድ ዳር ባለው በእትዬ ሸዋነሽ ስፌት ቤት የሚሰበሰቡት የማኅበር ሴቶች ለጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ የሚሆን ድሪቶ ይሰፋሉ። እያንዳንዷ ሴት ራሷ ለብሳ ካለሰለሰችው ልብስ አንድ ቁራጭ ትቆርጣለች፤ ዙሪያውን በነጭ አቡጀዲ ትከፍፈዋለች፤ ከዚያ የሁሉም ተጋጥሞ ብርድ ልብስ ይሆናል። አዲስ ጨርቅ የሕፃን ገላ ይቧጭራልና አይገባም። ደብረወርቅ ደግሞ ባሏ ገብረማርያም ከሞተ ሁለት ዓመት ሙሉ ገላዋን ከጥቁር በቀር የነካው የለም። ቀለም ያላቸውን ቀሚሶቿን ለተዝካሩ ለድሃ ሰጥታቸዋለች።

ሙት ዓመቱ ካለፈ ቆየ። የባሏ ወንድም ቄስ አዛናው ግን አውልቂ አላሉም። የሩዝ ማሳዋን በእኩል የሚያርሱላት እሳቸው ናቸው። "ከል ያወለቀች ሴት ባል ፈላጊ ናት፤ ባል ከፈለገች ከወንድሜ ማሳ ትውጣ" ብለው በሰው ፊት ተናግረዋል። እሷም ለማሳዋ ፈርታ ጥቁሩን እንደለበሰች ቀረች። ይኸም ኑሮ ተብሎ!

ጠርዙን ማጠፍ ስትጀምር ሸዋነሽ ከስፌት መኪናቸው ቀና አሉ።

"ልጄ፣ ይኸስ አይሆንም። ምጥ የያዛትን ሴት የለቅሶ ልብስ ልናለብሳት ነው? ሟርት ነው።"

"ሟርት ነው?"

"ነው እንጂ። እናት ከነልጇ ትሙት እንደማለት ነው።"

ደብረወርቅን ንዴቱ ከእግር ጥፍሯ ጀምሮ ወረራት።

"እትዬ፣ አንድ ሌሊት ለምትለብሰው ሴት ሟርት የሆነ ጨርቅ፣ እኔ ላይ ሁለት ዓመት ሲቀመጥ ሟርት ነው ያለ ማን አለ? እኔስ ሰው አይደለሁም?"

ሸዋነሽ መኪናቸውን አቁመው እጃቸውን ያዩ ጀመር።

ይኸን ጊዜ ቄስ አዛናው በሩ ላይ ቆሙ፤ የነገ አራሞች ምሳ ከየት እንደሚመጣ ሊነግሯት ነው። ሴቶቹ ተነሥተው መስቀል ተሳለሙ። ደብረወርቅም ስትሳለም ዓይናቸው ቀሚሷ ላይ ካለው ቀዳዳ ላይ ወደቀ።

"ምንድን ነው ይህ?"

"ለድሪቶው ቁራጭ ቆርጬ ነው አባ።"

"ከወንድሜ ከል ላይ?"

"ከቀሚሴ ላይ።"

"ዛሬውኑ ሌላ ጥቁር ግዢ። አለዚያ ለከርሞ በሬዬን አልጠምድልሽም፤ ማሳውን እንደሚሆንሽ አድርጊው።"

የፈራችው መጣ። መጥቶ ስታየው ግን ያን ያህል አልገዘፈባትም።

"ደግ። ማሳው በገብረማርያምም በእኔም ስም ነው። በእኩል የሚያርስልኝ አላጣም፤ ለጎረቤቴ ለዘመኑ እሰጠዋለሁ።"

"ሰው ምን ይላል?"

"የፈለገውን ይበል። ገብረማርያምን ያስታመምሁት እኔ፣ ያለቀስሁለት እኔ። ናፍቆቱ ሆዴ ውስጥ አለ፤ እሱን ማንም አያስወልቀኝም። ጥቁሩ ግን በቃኝ።"

ቄስ አዛናው ሴቶቹን በየተራ አዩ። አንዷም ከእሳቸው ጋር አላበረችም። ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ።

ደብረወርቅ መርፌዋን አነሣች። የመጀመሪያው ስፌት ጠመመ፤ ፈታችና እንደገና ሰፋችው። አራቱን ጎን በአቡጀዲ ከፍፋ ስትጨርስ ሸዋነሽ ተቀበሏት።

"ጥግ ላይ ላድርገው፣ ብዙም አይታይ።"

"መሐል ላይ ይሁንልኝ፣ እትዬ።"

ሸዋነሽ ትንሽ አመነቱ። ከዚያ በትርሲት ቀይና በሌላዋ ሴት ቢጫ ቁራጭ መካከል አስገብተው በመርፌ አያያዙት።

ሥራው ሲያልቅ ትርሲት ነጠላዋን አውልቃ ዘረጋችላት። የተቆረጠው ቦታ ጉልበቷን ያሳያል።

"ከወገብሽ አሸርጭው። ባጃጅ ከጓሮ በኩል እጠራልሻለሁ፤ ሰው ሳያይሽ ትገቢያለሽ።"

ደብረወርቅ ነጠላውን አጣጥፋ መለሰችላት።

"ዛሬ ገበያ አይደል?" አለች። "በእግሬ፣ በገበያው በኩል ነው የምሄድ።"