አባቷ ያላጠለቀው ሜዳሊያ

«ደረቱ ላይ እንሰካለት» አለች ታምዚን፣ ሜዳሊያውን በጥቁር ቀሚሷ እጅጌ እየወለወለች። «ሰው ሁሉ ይየው! ወንድሜ ዓሣ አጥማጅ ብቻ አልነበረም።»

ሎቭዴይ ከሬሳ ሳጥኑ አጠገብ ቆማለች። አባቷ ሳጥኑ ውስጥ ተጋድሟል። እንደ አገሩ የለቅሶ ልማድ መጋረጃው ከተዘጋ፣ የግድግዳው ሰዓትም እንዲቆም ከተደረገ ሁለት ቀን ሆነ። በድንግዝግዙ ውስጥ የሚሰማው የባሕሩ ትንፋሽ ብቻ ነው፤ ቤቱ መልሕቁን ነቅሎ ቀስ እያለ የሚሄድ ይመስላታል።

«እሱ አንድም ቀን አላጠለቀውም እኮ፣ አክስቴ።»

«ትሕትናው ነዋ!»

ትላንት ገላውን ስታጥብ ጀርባውን አየችው። ከትከሻው እስከ ወገቡ የቆየ የጅራፍ ጠባሳ ተጋድሞበታል። በሃያ ስምንት ዓመቷ ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር። በሐምሌ ፀሐይ እንኳ መረብ ሲጎትት ሸሚዙን አውልቆ አያውቅም።

ጎረቤቶች ኬክ እየያዙ ይገባሉ፣ ሻይ ፉት ይላሉ፣ ይንሾካሾካሉ።

«ከንግሥቲቱ የተሰጠ ነው አሉ።»

«በጦርነቱ ስንት ሩስያዊ ገድሎ ይሆን?»

ከቀትር በኋላ ጄብዝ መጣ። ከአባቷ ጋር በአንድ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ያገለገለ ሽማግሌ ነው። ሎቭዴይ ወደ ማድቤት ወሰደችው።

«ጋሼ ጄብዝ፣ አባቴን ለምን ገረፉት?»

ሽማግሌው ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

«አየሽው ማለት ነው… በሩስያ ጦርነት ጊዜ ነው፣ በሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ አምስት። ያኔ በሩስያ እጅ በነበረችው ፊንላንድ ዳርቻ ወርዳችሁ የመንደሩን ጀልባዎች አቃጥሉ ተባልን። ወታደር የሚባል አልነበረም፤ እንደኛው ዓሣ አጥማጆች ናቸው።»

ፀሐይ የማትጠልቅበት የሰሜን በጋ ነበር። ሬንጅ የጠጣው እንጨት እንደ ጧፍ ነደደ። አንዲት አሮጊት ባሕሩን በባልዲ እየቀዳች ወደ እሳቱ ትመላለሳለች፤ ማንም አልከለከላትም፣ ማንም አላገዛትም። ያን ጊዜ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ መርከበኛ፣ የሎቭዴይ አባት፣ ችቦውን ውኃ ውስጥ ጣለና ባልዲውን ከእጇ ተቀበላት።

«እሱና አሮጊቷ አንዷን ጀልባ አተረፉ» አለ ጄብዝ። «ትእዛዝ ጥሰሃል ብለው ሠላሳ ስድስት ጅራፍ ገረፉት። እኔ ችቦዬን አልጣልኩም፣ ልጄ። ኋላ ለሁላችንም አንድ ዓይነት ሜዳሊያ መጣ። አባትሽ ‹ጄብዝ› አለኝ፣ ‹ይሄ ላቃጠልኩት ጀልባ ነው ወይስ ላጠፋሁት እሳት?›»

ታምዚን በሩ ላይ ቆማ ሰምታ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በገበያው መሀል የፎከረችበትን ሜዳሊያ ጨብጣ፣ ቀስ ብላ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«ለኔ እንኳ አልነገረኝም» አለች። «እና ምን እናድርገው?»

«እሱ ያኖረበት መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ፣ አክስቴ።»

ታምዚን ራሷ ወስዳ አስቀመጠችው።

በማግስቱ ተሸካሚዎቹ መጡ። አናጢው ክዳኑን ሊገጥም ሲያነሳ ሎቭዴይ «አንዴ» አለችው። መዳፎቿ ላይ ትንፋሿን እፍ አለች፤ የአባቷን እጆች ያዘችና ገና ከቀዝቃዛው ባሕር እንደገባ ሰው ልታሞቃቸው ታሻቸው ጀመር። ተሸካሚዎቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠበቋት።