መቃብሩ ይከፈት

«በይ ተናገሪ! መርዝ ነው አይደለም?»

ገብረየስ የጮኸው ድንኳን ውስጥ ያለው ለቀስተኛ ሁሉ እንዲሰማው ነው። እህቱ ፈለቀች ከምሥራቅ ጀርመን ትናንት ገባች። እዚያ ለሁለተኛ ዲግሪ የምታጠናው ፎረንሲክ የሚሉትን፣ ሰው በምን እንደሞተ የሚመረምረውን ትምህርት ነው። ቤተሰቡ ግን ወንድማቸውን መኩሪያን ቀብሮ፣ ገዳዩንም መርጦ ጠበቃት። ገዳይ የተባለችው ሚስቱ ንግሥቲ ናት። ራቱን በልቶ ሌሊት ሞተ፤ ራቱን የሠራችው እሷ፤ አገሯ ደግሞ መቀሌ፤ በቃ! ከሐዘንተኞቹ ፍራሽ አስነሥተው በር ሥር፣ የሰው ጫማ አጠገብ አስቀምጠዋታል። ሠልስቱ ሲያልፍ ለአብዮት ጥበቃ ሊያስረክቧት ተማክረዋል።

«ያላየሁትን አልናገርም» አለች ፈለቀች።

«ታዲያ እዚያ ምን ተማርሽ?»

«እንዳንተ ያለውን ሰው አለማመን!»

«ጉድ እኮ ነው!» አለች አንዷ ለቀስተኛ በነጠላዋ ተከልላ። «ምላሷም ተምሮ መጣ?»

ፈለቀች ወደ ጀርመን ስትሄድ የሸኛት መኩሪያ ነበር። አውሮፕላን ማረፊያ ዕቃ ሲጭንና ሲያወርድ የሚውለው ጠብደል፣ የዚያን ቀን ሻንጣዋን መሐል መንገድ ላይ አስቀምጦ ደረቱን ያዘ። ላብ በላብ ሆኖ፣ «ድንጋይ ነው እንዴ ያጨቅሽበት?» ብሎ ሳቀ። አሁን ልቡ ይሆናል ብላ ትጠረጥራለች። መጠርጠር ግን ገብረየስም ያውቅበታል።

«እሺ» አለች ተነሥታ። «መቃብሩ ይከፈት። ሆዱ ይቀደድና ጉበቱ ይመርመር። መርዝ ካለ ይገኛል።»

እናታቸው እማማ ፀሐይነሽ ደረታቸውን መቱ። «የልጄን ገላ? በቢላ?»

ፈለቀች ወደ በሩ፣ ወደ ንግሥቲ ዞረች። ንጹሕ ሰው «ይከፈት» ይላል ብላ ነበር የጠበቀችው።

ንግሥቲ ብድግ አለች። ከቀብሩ ወዲህ ድምጿን የሰማ አልነበረም።

«እንዳትነኩት! ገደለችው በሉ፣ ለአብዮት ጥበቃ ስጡኝ። እሱ ግን ይተኛ። ደረቱን ሲያመው ሐኪም ቤት ሂድ ብዬ ለምኜው መርፌ ፈርቶ የቀረ ሰው ነው። እንዴት አድርጋችሁ ነው በቢላ የምትቀድዱት?»

«አያችሁ! ፈራች!» ገብረየስ አጨበጨበ።

«ዝም በል አንተ!» አሉ እማማ ፀሐይነሽ። መኩሪያ ሕፃን ሳለ ለክትባት ሲንፈራገጥ ታቅፈው የያዙት እሳቸው ነበሩ።

ንግሥቲን ቀና ብለው አላዩዋትም። ፍራሹ ላይ ፈቀቅ አሉና ባዶውን ቦታ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።