ቢጫው ሽቦ

ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቃቸው ጋሽ ፊውዝ በሚለው ቅጽል ስማቸው ነው። ስሙን ያወጣላቸው ሰው ሁለት ነገር አስቦ ነበር ይባላል። አንደኛው ሙያቸው ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት የቤት ኤሌክትሪክ ነው። ሁለተኛው ቁጣቸው ነው፤ ድንገት ቦግ ይሉና ጥቂት ቆይተው ምንም እንዳልተፈጠረ ይመለሳሉ። ከመሰላል ከወደቁ ወዲህ ግን መቆጣቱም ቀርቷል። ስብራቱ ድኗል፤ ቀኝ እጃቸው ላይ ግን መንቀጥቀጥ ጥሎባቸው ሄደ። ማንኪያ ባነሱ ቁጥር ሳህኑን ያንኳኳል። እሳቸውም ነገሩን ለእግዜር ትተው መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ እንደተቀመጡም ቀሩ።

ልጃቸው ታክሲ ነጂ ናት። የምትነዳው የእሳቸውኑ አሮጌ መኪና ነው፤ ድሮ መሰላልና የሽቦ ጥቅል ይጫንበት ነበር፣ ዛሬ ሰው ይጫንበታል። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ልጅቷን የሚያብሰለስላት አንድ ነገር ነው፤ አባቷ ዓይኗ እያየ እያለቁ ነው። በሽታ ቢሆን ሐኪም አለ። የእሳቸው ግን በሽታ ሳይሆን ተስፋ መቁረጥ ነው፣ ለእሱ ደግሞ ኪኒን አልተሠራለትም። በቀደም የማድ ቤቱ አምፖል ሲቃጠል «ሰው ጥሪ» አሏት። እሳቸው ቤት አምፖል የሚቀይር ሰው ሊጠራ! ያን ዕለት ማድ ቤት ገብታ፣ በሩን ዘግታ አለቀሰች።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ የዚያች መኪና ቴፕ ደግሞ ሦስተኛቸው ነበር። የመጨረሻውን ካሴት እንደዋጠ፣ አልመልስም እንዳለ ነው የሞተው። ተሳፋሪው ሁሉ አንዱ ሙዚቃ፣ ሌላው የስልክ ቻርጅ እያለ ሲነዘንዛት ከረመና አንድ ቀን ገበያ ወጥታ ከርካሾቹ ሁሉ ርካሹን ገዛች። ፕላስቲክ በፕላስቲክ ነው፤ ካርቶኑ ላይ እንደተሳለው ከሆነ ግን ቀለሙን እየቀያየረ ያበራል፣ ከስልክ ጋር ይገናኛል፣ ስልክም ቻርጅ ያደርጋል። ሻጩ እዚያው ማዶ ያለው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወዲያው እንደሚገጥምላት ነገራት። መኪናዋን ወደዚያ ልታዞር ስትል ግን አንድ ሐሳብ መጣላትና ቴፑን ይዛ ቤቷ ገባች።

ምሳ ሲበሉ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ምንም እንዳልመሰላት ሆና፣ የጋራዡ ሰው ዳሽቦርዱን ቆርጦ እንደሚያስገባው ነገረቻቸው። ውሸቷን ነው፤ ማንም እንዲህ አላላትም። አባቷ ካርቶኑን በዓይናቸው ብቻ አዩት።

«ሲያረጁ አምባር ይዋጁ» አሉ ስለ መኪናዋ። ጥቂት ቆዩና ደግሞ «ምኑን ነው የሚቆርጠው?» አሉ።

አላውቅም አለች። እሳቸውም ቴፑን አነሱት፣ አገላበጡት፣ በስንዝር ለኩት። ተነስተው ወደ ግቢ ወጡና የመኪናዋን የቴፕ ቀዳዳ ለክተው ሲመለሱ ተቆጥተው ነበር። ዓይን ያለው ሰው ዝም ብሎ የሚያስገባውን ነገር ለማስገባት ዳሽቦርድ የሚቆርጥ ምን ዓይነት ሠራተኛ ነው? ካቻቢቴና ፒንሳ አምጪ አሏት። ልጅቷ ፊቷን አዙራ ሳቀች።

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሠሩ። እጃቸው ሲብስባቸው ክንዳቸውን መሪው ላይ አስደግፈው ይጠብቁታል፤ በጣም ሲብስባቸው ደግሞ ውሃ አምጪልኝ ይሏታል። ውሃው ቀርቧል፣ አልተነካም። ልጅቷም ነገሩ ገብቷት በተላከች ቁጥር ማድ ቤት ትዘገያለች። ስትመለስ አንድ ሽቦ ተጨማሪ ተያይዞ ታገኛለች፤ እንደ ድሮው፣ እንደ ልማዳቸው። የእሳቸው ልማድ የታወቀ ነው። ሽቦ ከሽቦ አያይዘው ጥቁሩን ናስትሮ ከጠቀለሉበት በኋላ ጫፉን እንዲሁ አይለጥፉትም፤ ትንሽ እጥፍ አድርገው ጆሮ ያወጡለታል። ነገ የሚከፍተው ሰው ጥፍሩ እንዳይሰበር ነው ይላሉ።

የቴፑ ሽቦዎች ብዙ ቢሆኑም ግራ አላጋቧቸውም። ቀዩ መብራት ያመጣል፣ ጥቁሩ ይመልሳል፣ ቢጫው መሬት ይገባል። ቤት ውስጥ ቢጫ መስመር ያለበት ሽቦ ሁልጊዜ የመሬት ነው፤ ሰው በመብራት እንዳይያዝ የሚያደርገው እሱ ነው። ስንት ሰው ሙያ ሲያስተምሩ «ቢጫ ካየህ ሳትጠይቅ መሬት ስደደው» ሲሉ ኖረዋል። ስለዚህ ቢጫውን ከመኪናዋ ብረት ጋር አሰሩትና ጆሮ አወጡለት።

ቁልፉን እሷ አዞረችው። ምንም የለም። እንደገና አዞረች። ቴፑ አልበራም፣ አልጮኸም። አባቷ በመሞከሪያ አምፖላቸው ቀዩን ነኩት፣ አምፖሏ በራች፤ መብራት ደርሷል ማለት ነው። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ጎተት ጎተት አድርገው አዩ። የድሮው ጋሽ ፊውዝ ቢሆኑ ይህን ጊዜ ቴፑን የሠራውንም፣ የሸጠውንም፣ የገዛችውንም ይሰድቡ ነበር። እሳቸው ግን መሣሪያቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡና እጃቸውን አዩት።

«በዚህ እጅ ስሠራ አንዱን ነገር አበላሽቼዋለሁ» አሉ። «ለሚችል ሰው ስጪው።»

ገብተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። እራትም አልበሉ። ልጅቷ ወሽመጧ ተቆረጠ። ከወንበሩ ላነሳቸው ብዬ ጭራሽ ቸነከርኳቸው እያለች ራሷን ስትረግም አደረች።

በማግስቱ ጠዋት በቀጥታ የሄደችው ወደ መኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ነው። ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው፤ በዚያ ሰውነቱ ከዳሽቦርድ ሥር እንዴት እንደሚገባ እግዜር ይወቀው። ገባና ብዙም ሳይቆይ ከዚያው ከሥር ሆኖ ሲስቅ ሰማችው።

«የገጠመው ሰው የቤት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው አይደል?»

«በምን አወቅህ?»

«ቢጫውን መሬት አስገብቶታል። እንዲህ የሚሳሳቱት እነሱ ብቻ ናቸው። ምንም የማያውቅ ሰው ቢሆን የካርቶኑን ሥዕል አይቶ ይሠራ ነበር፤ እነሱ ግን ያውቃሉና አያዩም።»

መኪና ላይ ቢጫው ዋናው እንደሆነ አስረዳት። ከባትሪው መብራት የሚቀበለው እሱ ነው፤ ያለ እሱ ቴፑ ድንጋይ ነው። የቀረው ሥራ ግን እንከን እንደሌለው፣ አያያዙም ከእሱ ከራሱ የተሻለ እንደሆነ ምሎ ነገራት። ቢጫውን ፈትቶ ወደ ቦታው መለሰው፣ ናስትሮውን ጠቀለለ፣ ቁልፉ ሲዞር ቴፑ ሰማያዊ ሆነ፣ ቀይ ሆነ፣ ዘፈነ። የፈጀበት ጊዜ ሻይ ለመጠጣት እንኳ አይበቃም።

እዚህ ላይ ልጅቷ ማድረግ የነበረባት ግልጽ ነው። ቤቷ ሄዳ «አባባ፣ ቢጫው ነው ያሳሳተዎ» ማለት ነበረባት። ግን ፈራች። ሌላ ስህተት ቢጨመርባቸው ጨርሰው የሚወድቁ መሰላት። ፍቅር ደግሞ አንዳንዴ ሰውን ያቄላል። ስለዚህ ቤቷ ስትደርስ፣ ከኋላ ያለው ሶኬት ላልቶ ኖሮ ገፋ ባደርገው በራ አለቻቸው።

አባቷ ቀና አሉ። ጫማቸውን አደረጉ። መኪናዋ ውስጥ ገብተው ሲቀመጡ ቴፑ አረንጓዴ ነበር፤ አንዱን ጣቢያ ከፈቱ፣ ሌላውን ከፈቱ፣ ድምፁን ከፍ አደረጉ፣ ዝቅ አደረጉ። ፊታቸው ላይ ደስታ ስታይ ልጅቷ ውሸቷን ወደደችው። ላዙርዎት ብላ ወደ ዋናው መንገድ ወጣች። መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ ክንዳቸውን አውጥተው፣ እንደ ሙሽራ መንገደኛውን እያዩ ሄዱ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእሷ ግን ማደርም አላስፈለገውም። አንድ ጉድጓድ ላይ መኪናዋ ስትዘል ከዳሽቦርዱ ሥር የሆነ ነገር ተንኳኳ። አባቷም እጃቸውን ወደ ላይ ሰደው የሽቦውን እስር ያዙት፤ እንዲያው እንደ ልማድ ጣቶቻቸው በናስትሮዎቹ ላይ አለፉ። ጆሮ። ጆሮ። ጆሮ። ከዚያ አንዱ ልሙጥ ነው። ጣታቸውን መልሰው እዚያው ላይ አደረጉት።

«ይሄን ማን ነው የሠራው?»

ልጅቷ ክው አለች። መኪናዋን ዳር አስይዛ አቆመችና ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የዳሽቦርዱን ውሸት ሳይቀር። አባቷ ቴፑን ዘጉት።

«እንደ ሕፃን አታለልሽኝ» አሉ።

«ፈርቼ ነው፣ አባባ። ከዚያ ወንበር ላይ ዳግመኛ የማይነሱ መስሎኝ። እኔኮ በቁምዎ እያጣሁዎት ነው።»

አባቷ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። አሁን ተቆጡ፣ ቤት መልሺኝ ሊሉ ነው ብላ ጠበቀች።

«ሌላው ሽቦስ? ሌላውን ነክቶታል?»

«ምንም አልነካም። አያያዙ ከእኔ ይበልጣል ነው ያለው። ቢጫው ብቻ ነው።»

«ቢጫው ብቻ» አሉ። ቀኝ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አዩት፤ ይንቀጠቀጣል። «እንግዲያው ያጠፋው እጄ አይደለም።»

ይህን ልጅቷም አላሰበችውም ነበር።

«ጭንቅላቴ ነው» አሉ። «ቤት መስሎት ነው። አየሽ፣ ይሄን ገና እንደመጣሽ ብትነግሪኝ ኖሮ ያኔውኑ እገላገል ነበር። አንቺ ሶኬት እያልሽ ስትቀጥፊ እኔ ልቤ ሙሉ በሙሉ አላመነም፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው የሆነብኝ። እጅ አንዴ ከሄደ ሄደ። ጭንቅላት ግን ይማራል።» ከዚያ ቀበቶአቸውን አጠበቁ። «ውሰጂኝ እዚያ ሰውዬ ጋ።»

መንገድ ላይ ሳሉ ጠብ እንዳያነሱ ለመነቻቸው። «ዝም ብለሽ ንጂ» አሏት።

ሠራተኛው የአንድ ጭነት መኪና ዳሽቦርድ ፈትቶ፣ ሽቦው እንደ አንጀት ተዘርግፎ አገኙት። ጋሽ ፊውዝ በሩ ላይ ቆመው ሰላምታ ሰጡና ራሳቸውን አስተዋወቁ፤ ቢጫውን መሬት ያስገባሁት እኔ ነኝ አሉ። ሰውዬው እንዳይስቅ ከንፈሩን ነከሰ። እሳቸው ራሳቸው ቀድመው ሲስቁ ጊዜ ለቀቀው፤ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ልጅቷ የአባቷን ሳቅ ከሰማች ስንት ጊዜዋ ነው።

«ቤት ውስጥ ቢጫ ሰው ያድናል» አሉት። «እናንተ ዘንድ ምን ሆኖ ነው ሹመቱ የተለወጠው?»

«እኛ ዘንድ፣ ጋሼ፣ ቢጫው አይተኛም። ቁልፉ ቢነሳም መብራት አይለየውም። ቴፑ የመረጡለትን ጣቢያ ነገ ድረስ የሚያስታውሰው በእሱ ነው።»

«ታዲያ ባትሪውን አይጨርስም?»

«የሚወስደው ኢምንት ነው። ይምጡ፣ እዚህ ላይ ላሳይዎት።»

ወደ ጭነት መኪናው ጠጋ አሉ። ሰውዬው እያሳየ እሳቸው ይጠይቃሉ፤ እሳቸው እየጠየቁ ሰውዬው ከእጁ ሽቦ አይጥልም። መመለሻው ለምን በብረቱ በኩል ይሆናል? ሰማያዊውስ? የሚጨቃጨቁ እስኪመስሉ ድረስ ተነጋገሩ። በመሐል ሰውዬው ሦስተኛ እጅ ሲያስፈልገው አንዱን ሽቦ ሳያስበው ሰጣቸው። በግራ እጃቸው ቀኛቸውን ደግፈው ያዙለት። ሽቦው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሰውዬው ግን ማሳየቱን ቀጠለ።

ልጅቷ ስልኳ ጮኸ፣ ደንበኛ ነው። ልሂድ ወይስ ልጠብቅዎት ብላ ጠየቀቻቸው። ዘወር ብለውም ሳያዩዋት በአገጫቸው ሂጂ አሏት።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሥጋት ገባት። ደክሟቸው ይሆን? ሰውዬው ሰልችቷቸው ይሆን? ከኋላ አንዲት ወይዘሮ ጭና ነበርና ይቅርታ ጠይቃ፣ ዳር ይዛ ደወለች። ስልኩ ብዙ ጠርቶ ነው የተነሳው። አባባ፣ ምሳ ደርሷል፣ መጥቼ ልውሰድዎት አለች።

«አሁን አይመቸኝም» አሉ ከብረት ድምፅ መሐል። «ሥራ ላይ ነኝ።» ዘጉት።

ልጅቷ ስልኩን ይዛ ቀረች። ወይዘሮዋ ከኋላ፣ ደህና አይደለም እንዴ፣ ማነው ብላ ጠየቀቻት።

«አባቴ ናቸው» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ሥራ ላይ ናቸው።»