በደቂቃ አስራ አራት

ተማሪዎቹ «ጋሽ መናበብ» ነው የሚሉት። በፊቱ አይሉትም፤ እሱ ግን ያውቃል፣ ውስጥ ውስጡንም ደስ ይለዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያስተማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የየራሳቸው ምት ያላቸው ነገሮች ማንም ሳያዛቸው እንዴት ተናብበው አንድ ምት እንደሚመቱ። ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን የተሰቀሉ ባለ ፔንዱለም ሰዓቶች በሉት፣ የልብ ሕዋሳት በሉት፣ የኃይል ማመንጫ ጄኔሬተሮች በሉት፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲያጨበጭብ በሉት፣ ለእሱ ሁሉም አንድ ናቸው። የማይጠራበት ቦታ አልነበረም። የባዮሎጂ ሰዎች እንቁራሪቶች ለምን አብረው እንደሚጮኹ ይጠይቁታል፤ መሐንዲሶች ሰው በበዛበት ቁጥር ስለሚወዛወዝ ድልድይ ያማክሩታል፤ አንዴማ የኢኮኖሚክስ ክፍል ኃላፊው የሁለት ከተማ የሽንኩርት ዋጋ ይዞ መጥቶ «እስቲ ተመልከትልኝ፣ ይናበባሉ?» ብሎታል። ይናበባሉ ብሎ ሲፈርድ ደግሞ ደስታው ለጉድ ነው፣ የተጣሉ ባልና ሚስት ያስታረቀ ይመስል።

እሱ ራሱ ግን ከሰው ጋር በመናበብ ረገድ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ከሚስቱ ጋር መንገድ ሲወጡ ሁልጊዜ አምስት እርምጃ ይቀድማታል። ሲያወራ ይጣደፋል፤ አንዱን ነገር ሳይቋጭ ሌላውን ይጀምራል፤ ትንፋሽ የሚወስደው ሲያልቅበት ብቻ ነው። አይ ሰው! ያኔ ቆም ብሎ ቢጠብቃት ምን ነበረበት?

ሚስቱ ፋርማሲስት ናት። መድኃኒት ቤቷ ውስጥ መደርደሪያ ላይ የሳል ሽሮፕ ስትደረድር «ራሴን» አለችና ወደቀች። ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈስሶ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆስፒታሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ላይ ነች። ጉሮሮዋ ውስጥ ቱቦ ገብቷል። የሚያስተነፍሳት ማሽን ነው።

ሰባተኛው ሳምንት ላይ፣ ሐሙስ ዕለት፣ ዶክተሯ ቢሮዋ ጠራችው። ወጣት ናት፣ ትሁት፣ ክፉ ነገር መናገር ገና ያልለመደች።

«መምህር፣ የዛሬ ሳምንት የሐኪሞች ቦርድ ይሰበሰባል። እስከዚያ ምንም ምልክት ካላየን፣ ማሽኑን እንድናቆም ፈቃድዎን እንጠይቃለን።»

«ምልክት ማለት ምን ማለት ነው?»

«እንደምትሰማን የሚያሳይ ማንኛውም ነገር።»

ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ነበር፤ ወይም ይሳደብ ነበር። እሱ ግን «ይኼማ የኔ ሥራ ነው!» ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። መስማትና መናበብ ምን ልዩነት አለው? ሰው ሲሰማ አንጎሉ የሚሰማውን ድምፅ ምት ይከተላል። የእሱን ድምፅና የእሷን የአንጎል ሞገድ ጎን ለጎን ቀርጾ ተናብበው ቢያገኛቸው፣ ሚስቱ አለች ማለት ነው። ቦርዱም አፉን ይይዛል።

ዶክተሯ ትንሽ አመነታችና «ይሞክሩት» አለችው። በማግስቱ ከሥነ ልቦና ክፍል የአንጎል ሞገድ መቅረጫ ኮፍያ ተውሶ፣ ማይክሮፎንና ላፕቶፕ በቦርሳ ይዞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከች አለ። ጠያቂ የሚገባው ከዘጠኝ እስከ አስር ነው። የሚስቱ ታላቅ እህት ቀድማው ደርሳ ፕላስቲክ ወንበሯ ላይ ሸሚዝ ታቅፋ ቁልፍ ትተክላለች። ልብስ ሰፊ ናት። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች ታናሿን ያሳደገቻት እሷ ናት፤ እሱም ገና ለትዳር ሲጠይቅ ጀምሮ እትዬ ነው የሚላት።

«ምንድን ነው ደግሞ ይሄ ሁሉ ገመድ?» አለችው።

«እትዬ፣ ትሰማን እንደሆነ ዛሬ እናውቃለን።»

እትዬ መርፌዋን ሸሚዙ ላይ ሰካች። «እስቲ ይሁን» አለች።

ያነበበላት የሳምንታዊ ጋዜጣ የማስታወቂያ ገጽ ነበር። ሌላ ምን ያንብብላት? እሷ ጋዜጣ የምትገዛው ለዚያ ነበር፤ ቅዳሜ ጠዋት አልጋ ላይ ሆና «ድምፅ የሌለው ያገለገለ ማቀዝቀዣ» የሚለውን እያነበበች «ድምፅ የሌለውማ ስለማይሠራ ነው!» እያለች በሳቅ ትፈርስ ነበር። አሁን እሱ ያነባል። ባለ ሁለት መኝታ ቤት፣ ውኃ የማይቋረጥበት። ለትንሽ ቤተሰብ የሚሆን ሶፋ። የሚስቱ ፊት እንደተዘጋ በር ዝም ብሏል።

ሰዓቱ ሲያልቅ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አሰላ። ልኩ ከዜሮ እስከ አንድ ነው፤ ዜሮ ማለት ምንም አይገናኙም፣ አንድ ማለት ፍጹም ተናብበዋል። ውጤቱ ዜሮ ነጥብ ሰባ ስምንት ወጣ። ሁለቱም መስመሮች በደቂቃ አስራ አራት ጊዜ አብረው ከፍ ይላሉ፣ አብረው ይወርዳሉ።

«ትሰማለች!» ብሎ ጮኸ። ነርሷ «ኧረ ቀስ!» ብላ ተቆጣች። እትዬ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና «እሰይ፣ እሰይ የኔ ልጅ» አለች።

ግን ጅል አይደለም፣ ይሄ ይታወቅለት። ተማሪዎቹን በየዓመቱ የሚያስጠነቅቃቸው አንድ ነገር ነው፤ ሁለት ነገሮች አብረው ሲመቱ እርስ በርስ ይሰማማሉ ብላችሁ ከመዝለላችሁ በፊት ሁለቱንም የሚነዳ ሦስተኛ ነገር ፈልጉ። ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት ፈለገ። ከኤሌክትሪክ መስመሩ እንዳይሆን ላፕቶፑን በባትሪ አደረገ። መብራቱን አስጠፋ። የሁሉንም ስልክ ሰብስቦ ኮሪደር አስቀመጠ። የእትዬን ወንበር ሳይቀር ሁለት ክንድ አራቀው። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም፤ እንዲያውም ሰማንያ አንድ ገባ። የማይጠረጠረውን ሁሉ ጠረጠረ።

ሰኞ ዕለት እትዬ ሸሚዟን እያጠፈች «ንባብህ ግን እንዴት አምሮልሃል» አለችው። «ድሮ ስታወራ ውሻ ያባረረህ ነበር የምትመስለው። አሁን ረጋ ብለህ፣ ትንፋሽ እየወሰድክ።»

«ለእሷ ብዬ ነው» አላት፤ ደረቱ ትንሽ ነፋ አለ። ዶክተሯም ወሬውን ሰምታ መጥታ መስመሮቹን አየች። ሙያዋ እንዳልሆነ ተናገረች፤ ግን ፊቷ ፈካ። «እንዲህ ከሆነማ ቦርዱን ሌላ ሦስት ወር እጠይቃለሁ» አለች። የዚያን ቀን ወደ ቤቱ ሲሄድ ለራሱ እያፏጨ ነበር፣ ምስኪን።

ረቡዕ ጠዋት ቢሮው ገብቶ የማክሰኞውን ቅጂ ከፈተ። ሰማንያ ሦስት፤ ከሁሉም የበለጠ። ግን ምቱ ተቀይሯል። አስራ አራት የነበረው አስራ ስምንት ሆኗል፣ የእሷም የእሱም። መጀመሪያ ደስ አለው፤ እኔ ስፈጥን እሷም ፈጥና ተከተለችኝ ማለት ነው አለ። ቀጥሎ ግን አንድ ጥያቄ ልቡን ቆንጠጥ አደረገችው፤ እኔ ለምን ፈጠንኩ?

የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ የራሱን ድምፅ ሰማ። ሽሽ… ቀጭ። «የሚሸጥ ብስክሌት…» ሽሽ… ቀጭ። «ጎማው አዲስ የሆነ…» ሽሽ… ቀጭ። ማሽኑ አየር ሲገፋ እሱ ዝም ይላል፤ ማሽኑ ሲጨርስ እሱ ይጀምራል። አንዴም አያልፈውም። ሰባት ሳምንት አጠገቡ ተቀምጦ ጆሮው ድምፁን መስማት አቁሞ ነበር፤ ወፍጮ ቤት አጠገብ የሚኖር ሰው ወፍጮውን እንደማይሰማው። ሳንባው ግን ይሰማ ኖሯል። ሆስፒታል ደወለ። አዎ፣ አለችው ነርሷ፤ የደሟ ኦክሲጅን ስለቀነሰ ማክሰኞ ጠዋት የማሽኑን ትንፋሽ ከአስራ አራት ወደ አስራ ስምንት ከፍ አድርገነዋል።

ስልኩን ዘጋ። የእሷ መስመር የአንጎል ሞገድ ላይሆን ይችላል፤ ማሽኑ በገፋ ቁጥር ጭንቅላቷ የፀጉር ስፋት ያህል ይነቃነቃል፣ ኮፍያው ይሄንኑ ይጽፋል። የእሱም ድምፅ የማሽኑ ነው፣ የእሷም መስመር የማሽኑ ነው። ተናበቡ ያላቸው ሁለቱ፣ አንዱ ሌላውን ሰምቶ አያውቅም።

ይሄም ላይሆን ይችላል፣ አለ ለራሱ። ገና አልተረጋገጠም። ሰው ተስፋውን በቀላሉ ጥሎ ይሄዳል እንዴ?

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮፍያውን አደረገላት። ራሱ ደግሞ ጆሮው ውስጥ ማዳመጫ ከተተ፤ በደቂቃ ሃያ ሦስት ጊዜ የሚመታ ቆጣሪ ከፈተበት። ነገሩ ቀላል ነው። እሱ በሃያ ሦስት ያነባል፣ ማሽኑ በአስራ ስምንት ይተነፍሳል። የእሷ መስመር ሃያ ሦስትን ከተከተለ ትሰማዋለች። ካልተከተለ የለችም።

አነበበ። ከባድ ነበር፤ ደረቱ በግድ ወደ ማሽኑ ይስበዋል፣ ቆጣሪው ይጎትተዋል። ድምፁ ተሰባበረ፣ ላብ አጠመቀው። «ጤና የለህም እንዴ? ምን ነካህ ዛሬ?» አለች እትዬ። አልሰማትም። የጋዜጣውን ገጽ ጨርሶ እንደገና ከላይ ጀመረ። እባክሽ ይላል በልቡ፤ እባክሽ አንዴ፣ አንዴ ብቻ ተከተይኝ።

ከዚያ አሰላ። አስራ ስምንት ላይ አንድ ረጅም መስመር ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሃያ ሦስት ላይ ምንም የለም፣ ባዶ ሜዳ። የመናበብ ልኩ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ስድስት። ልኬቱ ከንቱ ነው የሚል ሰበብ ፈለገ፤ አጣ።

እዚህ ላይ ሰይጣን አጠገቡ ቁጭ አለ ብንል ማጋነን አይሆንም። ይሄን ሥዕል ማንበብ የሚችል ሕንፃው ውስጥ ከእሱ በቀር ማንም የለም። የዛሬውን ፋይል አጥፍቶ የትናንቱን ቢያሳይ ማን ይጠይቀዋል? ሦስት ወር ያገኛል። ሦስት ወር በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥቶ ፊቷን ያያል። ጣቱ ማጥፊያው ላይ ደርሷል።

«ምን አለ?» አለች እትዬ።

ዞሮ አያት። ለዚች ሴት መዋሸት ይችላል? እሰይ ብላ ያለቀሰችው በእሱ ቁጥር ነው። ዝም ብሎ ቢቀር ለእሷም ደግ መሥራት አይደል? ግን አፉ ቀደመው።

«እትዬ፣ ተሳስቻለሁ። እኔን አይደለም የምትከተለው። እኔም እሷም ማሽኑን ነበር የምንከተለው። አትሰማኝም። አንድም ቀን ሰምታኝ አታውቅም።»

ልትጮህ ነው ብሎ ጠበቀ። እትዬ ግን መርፌዋን ሸሚዙ ላይ ሰካች።

«አውቃለሁ» አለች።

«እንዴት ታውቂያለሽ?»

«በሁለተኛው ሳምንት ፀጉሯን ሳበጥርላት ነው ያወቅኩት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያበጠርኩት ራስ ነው። ሰው ተኝቶም ቢሆን ማበጠሪያው ሲስበው አንገቱን ትንሽ ያጸናል፤ እሷ አላጸናችም። ያን ቀን ቤቴ ሄጄ አልቅሼ ጨርሻለሁ።»

«ታዲያ በየቀኑ ምን ልታደርጊ ትመጫለሽ?»

«ላንተ ነዋ የምመጣው! እዚህ ብቻህን ትቀመጥ?»

ተነስቶ ቆመ። «እሰይ ያልሽውስ? ያለቀስሽውስ? ታላግጪብኝ ነበር?»

«ምን ልበልህ ነበር?» አለች። «ያን ቁጥር ይዘህ ፊትህ እንደ ልጅ ሲበራ፣ የለችም ልበልህ? አንጀቴን እኮ በላኸው! ሆዴ አልችል አለኝ። በራስህ ጊዜ ትደርስበታለህ ብዬ ነው።»

መልሶ ተቀመጠ። አንድ ክፍል ውስጥ፣ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ፣ አንዲት ሴት ሳምንታት ሙሉ የእሱን ፊት እያየች ስትስቅለትና ስታለቅስለት ነበር፤ እሱ አላያትም። ወንበሯን ገፍቶ አራቀው እንጂ።

ተያይዘው ዶክተሯ ቢሮ ሄዱ። ማሽኑን፣ አስራ አራቱን፣ አስራ ስምንቱን፣ ሁሉንም ሳያስቀር ነገራት። ዶክተሯ ላፕቶፑ ላይ መስመሮቹን አየች።

«ይሄን ባይነግሩኝ እኮ አላውቅም ነበር» አለች።

«እኔ አውቃለሁ» አላትና ማሽኑ እንዲቆም የፈቃድ ወረቀቱን ፈረመ።

ሐሙስ ዕለት ቦርዱ ጠዋት ወሰነ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስቱ አልጋው ዙሪያ ቆሙ። እሱ እጇን ያዘ፤ ሞቅ ያለ ነው፣ እሱም የማሽኑ ሥራ ነው። ዶክተሯ «ዝግጁ ነዎት?» አለችው። አልነበረም፤ አዎ አላት። ቁልፉን ተጫነችው። ሽሽ… ቀጭ። ከዚያ ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ኮሪደሩ ላይ የሚገፋ ጋሪ ድምፅ ብቻ ይሰማል። የሚቀጥለውን ምት ጠበቀ። አልመጣም። እንደገና ጠበቀ። ደረቱ ጠበበው፣ ዓይኑ ጨለመ፣ ምን እንደሆነም አልገባውም፤ እጇን ብቻ ይዞ ይጠብቃል።

እትዬ ሁለቱንም ትከሻዎቹን ያዘችና ነቀነቀችው።

«ተንፍስ!» አለችው። «ተንፍስ እንጂ አንተ ሰው፣ ተንፍስ!»