ባና የለበሰው ባትሪ

የኤሌክትሪክ ሳይክሉ ዕጣ የተወሰነው በግምገማ ላይ ነበር። ከሞላሌ ወጣ ብሎ ላለው ጤና ጣቢያ የተሰጠው፣ ክትባት ወደ ገጠር እንዲያደርስ ነው፤ ሆኖም ሁለት ባለሙያዎች ሞክረውት፣ ሁለቱም ከአቀበቱ መሀል እየገፉ መልሰውታል።

«ባትሪው የሚበቃው ለሜዳ ነው፤ እኛ ደግሞ ሜዳ የለንም» አሉ የጣቢያው ኃላፊ አቶ መኳንንት። «መኪና ሲገኝ ወደ ደብረ ብርሃን ይመለስ።»

ነርሷ እስከዳር በስብሰባ ላይ እምብዛም አትናገርም። ያን ቀን ግን እጇን አወጣች።

«ከመመለሱ በፊት አንድ ጊዜ ለእኔ ይሰጠኝ። ሐሙስ ከተራራው ማዶ ክትባት አለ። እየገፋሁት ከመጣሁ፣ መኪናው ላይ ራሴ እጭነዋለሁ።»

ከተራራው ማዶ ያሉ እናቶች ሕፃናቶቻቸውን አዝለው ሲጠብቁ ውለው፣ በበቅሎ የሚመጣው ክትባት ሲዘገይባቸው ሳያስከትቡ የሚመለሱበት ጊዜ ብዙ ነበር። «በሌላ ቀን ኑ» ብላ የምትመልሳቸው እስከዳር ነበረች። ያን ቃል ዳግመኛ መናገር አልፈለገችም።

ደግሞም ማንም ሳያስተውላት ሳይክሉን ስታጠና ከርማለች። በሳይክሉ እጀታ አጠገብ ሦስት አረንጓዴ መብራቶችና አንድ ቀይ በተርታ ይበራሉ። አቀበት ሲወጣ አረንጓዴዎቹ አንድ በአንድ ይጠፋሉ፤ ቆም ሲሉ ተመልሰው ይበራሉ። ውርጭ ባደረበት ማለዳ ደግሞ፣ ማንም ሳይነዳው፣ መብራቱ ከማታው ያንሳል። እንግዲህ መብራቱ የሚናገረው ስለ ባትሪው ስንቅ ብቻ አይደለም፤ ስለ ድካሙና ስለ ብርዱም ነው።

ይህን ባና የተባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ ለሚሠሩት ለአባቷ ለአቶ ወልደ ጻድቅ ስትነግራቸው፣ ከሸማኔ ጉድጓዳቸው ሳይወጡ አንድ የባና ቁራጭ ወረወሩላት።

«መንዝ ውስጥ ያለ ባና የሚያድር ብረት ብቻ ነበር» አሉ። «እሱም ይልበስ እንግዲህ።»

ሐሙስ ማለዳ ሣሩ በውርጭ ነጥቷል። ቤት ውስጥ ያደረው ባትሪ ባናውን እንደ ለበሰ ከሳይክሉ ላይ ተገጠመ። ክትባቱን በበቅሎ ሲያመላልሱ የኖሩት ጋሽ ትዕዛዙም አብረዋት ወጡ፤ ገመድ ይዘዋል።

«ሲስተር፣ የባትሪ ድንጋዩ ካለቀብሽ ፀሐይ ላይ አስጪው» አሏት ከበቅሎዋ ላይ ሆነው። «እኔ የራዲዮኔን እንደዚያ ነው የማደርገው።»

«የእርስዎ ራዲዮ ተራራ አይወጣም፣ ጋሽ ትዕዛዙ።»

አቀበቱ መሀል ሲደርሱ አረንጓዴዎቹ ጠፍተው ቀዩ ብቻ ቀረ። ቀደም ሲል የሞከሩት ሁለቱ የተመለሱት ከዚሁ ስፍራ ነበር።

«ይኸው አለቀ!» አሉ ጋሽ ትዕዛዙ ገመዳቸውን እየፈቱ። «በቅሎዬ ትጎትትሽ። ማን ያይሻል?»

እስከዳር ወረደች፤ ነገር ግን ፊቷን አላዞረችም።

«በቅሎዎን የሚሸጡ ቢሆን፣ ገዢውን እዚህ አቀበት ላይ አምጥተው ያሳዩታል?»

«ምን በወጣኝ! ስታለከልክ አይቶ ሊሸሽ? አሳርፌ፣ ውኃ አጠጥቼ ነው እንጂ።»

«ይህም እያለከለከ ነው። አቀበት ላይ ከጠየቁት ድካሙን ይነግርዎታል። ስንቁን የሚነግርዎ ሲያርፍ ነው።»

ነፋሱ እያፏጨ ጥቂት ቆዩ። በመጀመሪያ አንድ፣ ቀጥሎም ሁለተኛው አረንጓዴ በራ።

«በስመ አብ!» አሉ ጋሽ ትዕዛዙ። ገመዱን መልሰው ጠቀለሉት።

ከዚያ በኋላ በፔዳሉ እያገዘችው፣ በየመሀሉ እያሳረፈችው ወጣች። ማዶ ስትደርስ እናቶቹ ገና እየተሰበሰቡ ነበር፤ በክትባት ሣጥኑ ውስጥ ያለው በረዶም አልቀለጠም። በዚያን ቀን ማንም «በሌላ ቀን» አልተባለም።

ስትመለስ በቅሎዋን ከኋላ ትታ ቁልቁለቱን ወረደች። የመጨረሻው መብራት ከፊተኞቹ ይልቅ ፈጥኖ እንደሚያልቅ ስለምታውቅ፣ ከቁልቁለቱ ግርጌ ጀምሮ ፔዳል ከመምታት እግሯን አላሳረፈችም። ወደ ጣቢያው በር በሚያወጣው አጭር ዳገት ላይ እንደገና ቀዩ ብቻ ቀረ። አቶ መኳንንት በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«አለቀ አይደል? አላልኩም?»

«አቶ መኳንንት፣ እስከዚያ የክትባት ሣጥኑን ይክፈቱልኝ።»

«እስከ ምን?»

«እስኪያርፍ።»

ሣጥኑን ከፈቱ። በረዶው አለ፤ ክትባቱ ግን ተሰጥቶ አልቋል። ቀና ሲሉ አንድ አረንጓዴ መብራት በርቶ ጠበቃቸው። ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነኩት፤ አልጠፋም።

«ለሌላ አቀበት አይበቃም» አለች እስከዳር። «ለሜዳ ግን ይበቃል፤ ሜዳ ካለን።»

አቶ መኳንንት ሳቃቸው አመለጣቸው። «ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄደው መኪና ባዶውን ይሂድ» አሉ። «ሳይክሉም በእጅሽ ይቆይ።»

ወሬው ግን ቀድሟት ነበር። ባትሪውን ታቅፋ ቤት ስትገባ አቶ ወልደ ጻድቅ ከጉድጓዳቸው ወጥተው ቆመዋል። ልጃቸውን በፊቷ ማመስገን ልማዳቸው አይደለም። ባትሪውን ተቀብለው ቁራጩን ገለጥ አደረጉና በክንዳቸው ዙሪያውን ለኩት።

«ተራራ ለወጣ ቁራጭ አይመጥነውም» አሉ፤ ለአዲስ ባና ማግ የሚሆን ጥቁር ሱፍም ይመርጡ ጀመር።